ለሙሌ፣ ከሚኒያፖሊስ

ሙሌ፣ እንዴት ነህልኝ?

ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ በእኩለ ሌሊት መጻፌ እንደሚያስተዛዝብ አውቃለሁ። ይቅር በለኝ። ስለ ዝምታዬ ወደ ታች እመጣበታለሁ። አሁን ሆዴን የሚበላኝ ሌላ ነገር ነው።

ሰው ገጨሁ። አትደንግጥ፣ ሁላችንም በሕይወት አለን።

ማክሰኞ ንጋት ላይ ከሌሊት ሥራ ስመለስ ነው። መንገዱ ጥቁር ነበር፤ ዝናብ ያረጠበው አስፋልት ነው የሚመስለው። እዚህ «ብላክ አይስ» ይሉታል። በረዶው ስስ ስለሆነ አስፋልቱ ይታያል፣ እሱ ግን አይታይም። ድልድይ ላይ ይብሳል፤ ከላይም ከታችም ንፋስ ስለሚያገኘው ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይቀዘቅዛል። ብርዱ ሲጠና ደግሞ የሚበትኑት ጨው እንኳ እምብዛም አይሠራም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ ሙሌ። ስድስት የበረዶ ወቅት ነድቻለሁ እኮ።

ድልድዩ ላይ የፊተኛው መኪና የኋላ መብራት ሲቀላ አየሁ። ፍሬን ረገጥኩ። ፍሬኑ ከእግሬ ሥር ተንዘረዘረ፣ መኪናው ግን ጭራሽ አልሰማኝም። እየተንሸራተተ ሄደ። ቀስ ብሎ ነው የሄደው፤ እስክደርስባት ድረስ «እመብርሃን!» ለማለት ጊዜ ነበረኝ።

የገጨኋት ሴት ነርስ ናት። ወርዳ መጀመሪያ ያለችኝ «ደህና ነህ?» ነው። አንገቷን በአንድ እጇ ይዛለች። እኔ ምን እንዳልኳት ታውቃለህ? «በረዶው ነው!» ደህና ነሽ ወይ እንኳ አላልኳትም። ምንም አልመለሰችልኝም። ጎንበስ ብላ የፊት ጎማዬን አየች።

ማታ አንዲት ሳንቲም ይዤ ወጣሁ። እዚህ ሰው ጎማውን የሚለካው በሷ ነው። የሊንከንን ምስል ዘቅዝቀህ ጎማው ቦይ ውስጥ ታስገባታለህ፤ ጭንቅላቱ ሙሉ ከታየህ ጎማው አልቋል። ፀጉሩ ሳይቀር ታየኝ። ለጎማ ያስቀመጥኩትን ገንዘብ መስከረም ላይ ለሌላ ነገር አውዬዋለሁ። «ይሄን ወር እንኳ ይግፋ» እያልኩ ጥር ደረሰ።

ፖሊሱ በስንት ስነዳ እንደነበር ጠየቀኝ። በ45 ማይል አልኩት። የመንገዱ ወሰን 55 ስለሆነ ልቤ ሞልቶ ነው የመለስኩለት። «55 ለደህና መንገድ ነው» አለኝ። ሕጉም እንደዚያው ነው። ፍጥነትህ ለመንገዱ ሁኔታ ካልተስማማ፣ ከተጻፈው በታች ብትነዳም ጥፋተኛ ነህ።

ጭንቀቴ እዚህ ላይ ነው። በሚኒሶታ ሕግ ማንም ያጥፋ ማን፣ ለሕክምና መጀመሪያ የሚከፍልህ የገዛ ኢንሹራንስህ ነው። ትንሹ ለሕክምና 20 ሺህ ዶላር፣ ለቀረብህ ደሞዝና ለመሳሰለው ሌላ 20 ሺህ ነው። የመኪና ማሠሪያውና ከዚያ የሚተርፈው ጉዳት ግን በጥፋት ልክ ይሰላል። የሷ ጥፋት 20 ከመቶ ነው ከተባለ ያን ያህል ይቀነስባታል። ከኔ ከበለጠማ ምንም አታገኝም። ቡና ቤት የምናገኛቸው ልጆች ይህን ያውቃሉ። «በድንገት ፍሬን ያዘችብኝ በላቸው፣ ማን አየህ?» ይሉኛል። ከክፋት አይደለም፣ ኢንሹራንሱ እንዳይጨምርብኝ አዝነውልኝ ነው። የኢንሹራንሱ ሰዎች ነገ ቃሌን በስልክ ሊቀዱ ይደውላሉ።

በድንገት አልያዘችም ሙሌ። መብራቱ ሲቀላ በደንብ አይቻለሁ። ርቀት ያልጠበቅኩት እኔ ነኝ።

ከማክሰኞ ወዲህ ጣርማ በር ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ያ ጭጋግ። ያ የገጨኸው መብራት የሌለው አይሱዙ። አንተ ወርደህ፣ ትራፊኩ አፉን ሳይከፍት «እኔ ነኝ» ስትል። እኔ ደግሞ በእህትህ ፊት «ጭጋግ መኪና አይነዳም» አልኩህ። መሀል መንገድ ላይ ያለ መብራት የቆመ መኪና እያለ! ያንተ ምክንያት ከኔ ስንት እጥፍ ይሻል ነበር። አንድ ቀን እንኳ መልሰህ አላነሳህብኝም። የጠፋሁት በዚያ ቃል አፍሬ ነው። ሥራ በዝቶበት ነው ብለውህ ከሆነ ውሸት ነው፤ እኔው ነኝ ያስወራሁት።

ይህችን አንቀጽ ሁለቴ አጥፍቼ ነው የጻፍኳት። እንግዲህ ትሂድ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ቀን «እኔ ነኝ» ስትል ፈርተህ ነበር? ወይስ ካልከው በኋላ ቀለለህ?

ለመሆኑ አሁንም ስትነዳ መኪናዋን ታባብላታለህ? «ቀስ እናቴ፣ ቀስ በይ» የምትላት ነገር! አብሬህ ስሄድ አፍር ነበር፣ አሁን ግን ናፈቀችኝ።

የሚደውሉልኝ ለኔ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፤ ላንተ ከምሽቱ 1 ሰዓት። ርቀት አልጠበቅኩም፣ ጎማዬም አልቆ ነበር እላቸዋለሁ። ከዚያ በፊት ድምፅህን ብሰማ ደስ ይለኛል። ቁጥሬ ያው የድሮው ነው። ለነርሷም ልደውልላት ነበር፣ በኛ በኩል ይሁን ብለው ከለከሉኝ። አንገቷ እንዴት ሆኖላት ይሆን?

ያንተው፣
ጌቱ