የቀዶ ጥገና መዝገቤን ስለ መከልከሌ የቀረበ ቅሬታ

የካቲት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የ2014 ዓ.ም. የቀዶ ጥገና ማስታወሻዬ ቅጂ እንዲሰጠኝ ስለ መጠየቅ

በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጄን በሆስፒታላችሁ በቀዶ ጥገና ተገላገልኩ። አሁን የ31 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። ክትትል የምታደርግልኝ ሐኪም ሁለት ነገር ጠየቀችኝ፤ ሁለቱንም መመለስ አልቻልኩም። መልሱ ያለው እናንተ ዘንድ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄዋ፣ «ማህፀንሽ የተከፈተው በየት በኩል ነው?» የሚል ነበር። ከሆዴ በታች አግድም የሄደውን ጠባሳ አሳየኋት። የቆዳው ጠባሳ የውስጡን አይናገርም አለችኝ፤ ቆዳው አግድም ተቆርጦ ማህፀኑ ቁልቁል ሊከፈት ይችላል። የታችኛው የማህፀን ክፍል አግድም ከተከፈተ፣ በሚቀጥለው እርግዝና በምጥ ለመውለድ ከሚሞክሩ መቶ እናቶች ጠባሳው የሚተረተርባት አንዷ ብትሆን ነው። የላይኛው ክፍል ቁልቁል ከተከፈተ ግን አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። እንዲህ ያለች እናት ምጥ እስኪመጣ አትጠበቅም፤ በ36ኛውና በ37ኛው ሳምንት መካከል በቀጠሮ ቀዶ ጥገና ይደረግላታል። የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነ ደግሞ እስከ 39ኛው ሳምንት መታገስ ይቻላል። በመካከል ያሉት ሳምንታት ለልጄ ሳንባ ናቸው። ሳያስፈልግ ቀድሞ ቢወጣ መተንፈስ ሊቸግረው ይችላል፤ ሳይታወቅ ቢዘገይና ምጥ ቢመጣ ሁለታችንም ልንጠፋ እንችላለን። የእናንተ አንድ ገጽ ወረቀት ይህን ይወስናል።

ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ አስደነገጠኝ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሽንት ቱቦው ለአሥር ቀን ሳይወጣ መቆየቱን ስነግራት መጻፏን አቁማ፣ «ለምን አሥር ቀን?» አለችኝ። ለካ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ የሚወጣ ነገር ነው። እኔ ከነቦርሳው ነበር ወደ ቤት የሄድኩት። ለገንፎ የመጡት ጎረቤቶቼ እንዳያዩት በጋቢ ሸፍኜ መቀመጤን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከእናንተ ክፍል ስወጣ የተነገረኝ «ለጥንቃቄ ነው» የሚል ብቻ ነበር። የሽንት ፊኛ በቀዶ ጥገና ጊዜ ተቆርጦ ከተሰፋ ቱቦው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት እንደሚቆይ አሁን ተረድቻለሁ። የእኔ ፊኛ ተቆርጦ ነበር ወይ? ተቆርጦ ከሆነ አሁን ከማህፀኔ ጋር ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፤ ቀጥሎ ቢላዋ የሚያነሣው ሐኪም አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ፊኛ ቢቆረጥ እንኳ ቅሬታዬ በመቆረጡ አይደለም። በጎበዝ እጅም የሚደርስ ጉዳት መሆኑን ሐኪሜ ነግራኛለች፣ አምናታለሁ። የተቆጣሁት በዝምታው ነው። በሰውነቴ ላይ የሆነውን ሳላውቅ አራት ዓመት ኖሬአለሁ። በ2016 ዓ.ም. ጽንስ ወርዶብኝ እዚያው እናንተ ዘንድ ማህፀኔ ሲጠረግም ስለ ቀድሞው ቀዶ ጥገና የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የዚያንም መዝገብ እፈልጋለሁ።

በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ ስንነሣ ብዙ ዕቃ ጥለን ስንወጣ የመውጫ ወረቀቴን ግን በላስቲክ ጠቅልዬ ይዣለሁ። በላዩ ላይ ያለው «በቀዶ ጥገና ወልዳለች፤ እናትና ልጅ ደህና ናቸው» የሚል ሁለት መስመር ብቻ ነው። ስለዚህ ቅጂ ለመጠየቅ አሁን ከምኖርበት ከገላን ጉራ ታክሲ እየቀያየርኩ ሦስት ጊዜ መጣሁ። በመጀመሪያው ቀን ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ፣ «ከ2015 በፊት ያለው ኮምፒውተር ላይ አልገባም፣ ነገ ተመለሺ» አለችኝ። በሁለተኛው ቀን፣ «መጋዘን ነው ያለው፣ ቁልፍ የያዘው ሰው የለም» ተባልኩ። በሦስተኛው፣ አንድ የሥራ ኃላፊ ቆሜ እያለሁ፣ «የቀዶ ጥገና ማስታወሻ ለታካሚ አይሰጥም፤ ለክስ ነው የፈለግሽው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሆዴን እያየ ነው ይህን ያለኝ። በዚያኑ ቀን ገንዘብ ቤት የ2014ቱን ክፍያዬን ብጠይቅ የደረሰኙን ቁጥር ወዲያው አግኝተው ነገሩኝ። የከፈልኩት ገንዘብ መዝገብ አልጠፋም ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ያወጣው ባለ 19 ነጥብ የቀዶ ጥገና ደህንነት መጠየቂያ አለ። ታካሚው ከቀዶ ጥገና ክፍል ሳይወጣ የተሠራው ሥራ ስም መመዝገቡንና የመሣሪያው፣ የጨርቁና የመርፌው ቆጠራ መሙላቱን ነርሷ ጮክ ብላ እንድታረጋግጥ ያዛል። ያን ቀን ይህ ተደርጎ ከሆነ ጽሑፉ አለ ማለት ነው።

የምጠይቀው ይህን ነው፤ የቀዶ ጥገና ማስታወሻዬና የ2016ቱ የማህፀን ጠረጋ መዝገብ ቅጂ በሰባት ቀን ውስጥ በማኅተም ይሰጠኝ። መዝገቡ ጠፍቶ ከሆነ መጥፋቱ በጽሑፍ ይገለጽልኝ፤ ቀዶ ጥገናውን ያደረጉት ዶክተር አሁንም እናንተ ዘንድ ስለሚሠሩ የማህፀኑን አከፋፈትና የቱቦውን ምክንያት የሚያስታውሱትን ያህል ጽፈው ይፈርሙልኝ። አላስታውስም ቢሉም እንኳ ይጻፉት፤ ሐኪሜ ማህፀኔ ቁልቁል ተከፍቶ እንደሆነ ቆጥራ ትዘጋጃለች። ከአሁን ወዲያ በቀዶ ጥገና የምታዋልዷት እናት ሁሉ ደግሞ ማህፀኗ እንዴት እንደተከፈተና ምን እንደገጠማት የሚገልጽ ወረቀት ይዛ ትውጣ።

ቀጣዩ ቀጠሮዬ የካቲት 24 ነው። የመውለጃዬን ቀን የምንቆርጠው ያን ዕለት ነው።

ከሰላምታ ጋር
ቅሬታ አቅራቢዋ
(ሙሉ ስሜ፣ የካርድ ቁጥሬና ስልኬ በእጅ ባስገባሁት ቅጂ ላይ ተጽፈዋል)

ግልባጭ፦
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ