ሎንግ አርም ስፌት ማሽን ቤታቸው ለመትከል ላሰቡ አባላት

ውድ የማኅበራችን አባላት፣

ለኩዊልት (የላይ ጨርቅ፣ መሙያና ገበር ተደራርበው ለሚሰፉበት ሥራ) የሚሆን ሎንግ አርም ማሽን፣ ማለትም በማቀፊያ ላይ እየተንቀሳቀሰ የሚሰፋ ባለ ረጅም ክንድ ማሽን፣ ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ክፍላችሁን እንድትለኩ አደራ እንላለን፤ ጨርቁ የሚወጠርበት 12 ጫማ የሆነው ማቀፊያ 3.6 ሜትር ገደማ የሚረዝም ሲሆን፣ የወረቀት ንድፍ በሌዘር ብርሃን እየተከተለ የሚሰፋ ሰው የሚቆመው ከማሽኑ ጀርባ በመሆኑ፣ ማቀፊያውን ከግድግዳ ጋር ማጣበቅ አይቻልም።

በመርፌውና በማሽኑ አካል መካከል ያለው ክፍተት 18 ኢንች ነው ሲባል ሁሉም ለስፌት ይውላል ማለት አይደለም፤ የተሰፋው ጨርቅ በማቀፊያው ዘንግ ላይ እየተጠቀለለ በወፈረ ቁጥር ክፍተቱ ይጠባል። ገንዘብ ካጠረ ማሽኑን በኮምፒውተር የሚመራው መሣሪያ ሊቆይ ይችላል፤ እጃችሁ ቢፈጥንም ቢዘገይም የስፌቱን ርዝመት እኩል የሚያደርገው መቆጣጠሪያ ግን ፈጽሞ ሊቀር አይገባም ብለን እናምናለን።

በተከላው ጊዜ ማቀፊያውን በውሃ ልክ አስተካክሉ፤ ካዘነበለ ማሽኑ በራሱ ይንሸራተታል። ምንጣፍ ላይ ከቆመ እግሮቹ ስለሚሰምጡ ከቀናት በኋላ ደግማችሁ ለኩ። ከዚያም ልትሠሩበት ባሰባችሁት ጨርቅና መሙያ ቁራጭ ላይ ሞክሩ፤ የታችኛው ክር ወደ ላይ ከወጣ የላይኛውን ክር ውጥረት ቀንሱ። የገበሩ ጨርቅም በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ይኑረው፤ ያለዚያ ከዘንጎቹ ጋር ለማያያዝ ይቸግራችኋል።

የማኅበሩ አስተባባሪዎች