ከምርጊቱ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኛ ጅማ ሁላችንም ደህና ነን። ዝናቡ በርትቷል። እናትሽ የላክሽላትን ሹራብ ከላይዋ አላወልቅ ብላለች።

ስለዚያ ሙዚየም አንድም ነገር ሳልልሽ መመለሴ ከነከነኝ። ኒው ዮርክ፣ ማንሃተን ጫፍ ላይ የወሰድሽኝ፣ የሰማይ ጠቀስ ፎቆች ሙዚየም። «አባዬ፣ ደከመህ እንዴ?» ስትዪኝ ዝም ያልኩት ደክሞኝ አልነበረም።

ስለ ፎቅ የሚናገር ቤት ራሱ ፎቅ ይሆናል ብዬ ነበር። ትንሽ አዳራሽ ሆነ። ግን ወለሉም ጣሪያውም እንደ መስታወት የተወለወለ ብረት ነው። ወደ ላይም ወደ ታችም ማለቂያ የለውም። እግሬን ማንሳት ፈራሁ፤ እጄን የያዝሽኝ ያኔ ነው።

ዓይኔ የቀረው ግን እንጨቱ ላይ ነው። ማይክል ቼስኮ የሚባል ሰው አሪዞና ተቀምጦ ማንሃተንን በእጁ ከእንጨት ጠርቦ ሠራ። አንዳንዱ ፎቅ ከጥፍሬ አይበልጥም። ዕድሜዬን በመሮና በመላጊያ የኖርኩ አናጢ ነኝ። ያን ትዕግስት አውቀዋለሁ። የዚያ ሰው ጣት ስንቴ እንደተቆረጠ ሳይቀር ታየኝ።

ሌላው ያንቺ ትምህርት ነው። ሺካጎ ውስጥ ሰሜናዊ ግማሹ በ1891 እ.ኤ.አ. ያለቀ ሞናድኖክ የሚባል ባለ 16 ፎቅ ሕንፃ አለ ብለሽኝ ነበር። የዚያን ግማሽ ክብደት የተሸከመው የጡብ ግድግዳው ስለሆነ ከሥሩ 1.8 ሜትር ያህል ይወፍራል። ከዚያ በላይ ልሂድ ቢሉ ግድግዳው ክፍሉን ይበላዋል። የኒው ዮርኩ ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ግን በ1931 እ.ኤ.አ. 102 ፎቅ ደረሰ፤ ያውም በ410 ቀን! የተሸከመው የብረት አጥንቱ ነው። ግድግዳው ልብስ ነው።

ልጄ፣ ይሄ እኮ የእኛ የጭቃ ቤት ነው! ያደግሽበትን ቤት ስሠራ ቋሚው ቆመ፣ ማገሩ ተመታ፣ ከዚያ ቆርቆሮው ተመታ። ጭቃው ገና በጭድ እየቦካ ነበር። ጣሪያው ያለ ግድግዳ ስንት ሳምንት ዝናብ ቻለ። ምርጊቱ ኋላ የመጣ ነው፤ የሚከልለው ብርዱን ነው። እንጨትና ጭቃ የት፣ ብረት የት፣ አውቃለሁ። አሸካከሙ ግን አንድ ነው። ሰው ሁሉ ጭቃ ቤት ሲል አንገቱን ይሰብራል። አንቺ መሐንዲስ ስትሆኚ እንዳትሰብሪ ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

ከተመለስኩ በኋላ ጅሬን ወጣሁ። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ከልጅነቴ ጀምሮ ስንቴ አይቼዋለሁ፤ እንዲህ ግን አይቼው አላውቅም። የእንጨት ዓምዶቹን አንድ በአንድ በእጄ ዳሰስኩ።

አሁን እሱኑ ከዋንዛ ቁራጭ እየጠረብኩት ነው። ጣሪያው ወጥቶልኛል። የበረንዳው ዓምዶች ግን እንደ ክብሪት እንጨት ቀጥነው በመሮ ይሰበሩብኛል። ሦስቱን ሰብሬአለሁ። እዚያ ጥሩ ቀጭን ሞረድ ካገኘሽ፣ ወደ አገር ቤት ለሚመጣ ሰው ስጪልኝ።

አባትሽ
ከጅማ