ለአበጀ፣ ከሜፕል ጫካ

ይድረስ ለወንድሜ ለአበጀ፣

እንደምን ከርመሃል? እማማስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስልክህ አልሠራ ሲል፣ እኔም ከዚህ ከብርዱ ጋር ስታገል፣ ጊዜው እንዲሁ ነጎደ። ወቀሳውን ስንገናኝ ቡና ላይ እንጨርሰዋለን። ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ሥራዬ ነው። ከማውቃቸው ሰዎች ዛፍ ማቁሰል ምን እንደሆነ የሚገባህ፣ ዕጣን የምታወጣው አንተ ነህና።

ያለሁት ቬርሞንት ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የሜፕል ሽሮፕ፣ ማለትም ሜፕል ከሚባል ዛፍ ፈሳሽ ተፈልቶ የሚሠራ ጣፋጭ ወለላ፣ በብዛት የሚወጣበት አገር። የካቲትና መጋቢት ላይ ሌሊቱ በረዶ፣ ቀኑ ደግሞ ሞቅ ሲል ከዛፉ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ይወርዳል። ብትቀምሰው ጣፋጭነቱ እምብዛም አይታወቅህም፤ ስኳሩ ከመቶ ሁለት እጅ ቢሆን ነው። 40 ሊትሩ ፈልቶ ፈልቶ 1 ሊትር ያህል ሽሮፕ ይወጣዋል። ወቅቱ ከሁዳዴ ጋር ይገጥማል። ድሮ ሲፈላ አረፋው እንዳይገነፍል ጠብታ ቅቤ ጣል ያደርጉበት ነበር አሉ። አለቃዬን መጀመሪያ የጠየቅሁት ይህንኑ ነው። እሱ ዘይት ነው የሚጠቀመው፤ ተገላገልኩ!

አሁን ወቅቱ አበቃ። ሌሊቱ መቀዝቀዙን ተወ፣ እንቁራሪቶቹ ረግረጉ ላይ መጮህ ጀመሩ፣ የዛፎቹ እንቡጥ አበጠ። እንቡጥ ካበጠ በኋላ የሚወርደው ፈሳሽ የሽሮፑን ጣዕም ያበላሻል። ስለዚህ ፈሳሹ የሚወርድባቸውን ቧንቧዎች ከዛፎቹ ነቀላ ላይ ነን።

ዛፉ ላይ የምንሰካት ቧንቧ ትንሽዬ ፕላስቲክ ናት። ጉድጓዱ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አለው። ግራና ቀኝ በመዶሻ ከደበደብካት ተሰብራ እዚያው ትቀራለች። ቀጥ አድርጎ ወደ ውጭ የሚስብ መንቀያ አለ። ፈሳሹን ከዛፎቹ በቱቦ የሚስበውን ፓምፕ ደግሞ እየነቀልንም አናጠፋውም። አየር በተከፈተው በኩል ሲገባ ቱቦው ውስጥ የቀረውን ፈሳሽ እየጠረገ ይወስደዋል። ካልወጣ በሙቀቱ ይበላሻል።

ጉድጓዱን ምንም አናደርገውም። ሰም የለ፣ ጭቃ የለ፣ ቀለም የለ። ጤነኛ ዛፍ ራሱ ይዘጋዋል። ቧንቧው እዚያው ከቆየ ግን መግጠም አይችልም፤ የምንጣደፈውም ለዚህ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ውስጡ ነው። ቅርፊቱ ቢገጥምም የተበሳው እንጨት አይድንም። ዛፉ ቁስሉን ዙሪያውን አጥሮ ይተወዋል። ግንዱ ሲሰነጠቅ ከጉድጓዱ በላይና በታች ጠቆር ያለ ረጅም መስመር ታያለህ። እዚያ ላይ ደግመህ ብትበሳ ይህ ነው የሚባል ፈሳሽ አታገኝም። ስለዚህ በየዓመቱ ከአሮጌው ጠባሳ ራቅ ብለን አዲስ ቦታ እንፈልጋለን፤ ዛፉ ደግሞ በላዩ አዲስ እንጨት ይደርባል። የምንበሳው ከሚደርበው ከበለጠ ነገሩ አበቃ ማለት ነው። ውፍረቱ 25 ሳንቲ ሜትር ያልሞላ ዛፍ አይነካም። አንዳንዱ ገበሬ ከዚያም በላይ ካልወፈረ አይበሳም፤ እኔም ከነሱ ጋር ነኝ።

የመተማውን የዕጣን ዛፍ የማስታውሰው እዚህ ላይ ነው። እናንተ ቅርፊቱን ትልጣላችሁ፤ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ ያንኑ ቁስል ታሰፋላችሁ። እኛ አንዴ ከበሳን እስከ ነቀላ ድረስ አንደግመውም። ደግሞም እዚህ ከትልልቆቹ ሥር ልጅ ዛፍ ሞልቷል። እናንተ ጋ እሳቱና ከብቱ ወጣቱን አላስቀምጥ ብሎታል። ታዲያ ያንዱን ዘዴ ለሌላው ማዘዝ አይቻልም፤ ሜፕል ሌላ፣ ዕጣን ሌላ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። አሁንም በየዓመቱ ነው የምታደሙት፣ ወይስ የሚያርፍበት ዓመት አለ? ዕረፍት ያገኘው ዛፍ ሲመለስ የሚሰጠው ይበልጣል ወይ? አለቃዬም መልስህን እየጠበቀ ነው፤ ዕጣን ከዛፍ እንደሚገኝ የነገርኩት እኔ ነኝ።

ነገ ቀሪውን ተዳፋት እንይዛለን፤ ጭቃው ጉልበት ድረስ ነው። ሰው ካገኘሁ ለፋሲካ ሽሮፕ እልክልሃለሁ። እማማን ሳምልኝ።

ወንድምህ ሰለሞን