ስለ ደጅሽ መንገድ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ ፎቶግራፏን ለአያቴ ላኩልኝ ስላለች ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ።

በወረቀት የምጽፍልሽ በስልክ ስላልተቻለ ነው። ባለፈው እሑድ ስለ መንገዱ ስጀምርልሽ «ወጥ ጥጄአለሁ» ብለሽ ዘጋሽው። ከዚያ በፊት ደግሞ በር ተንኳኳ። ደብዳቤ ግን አይዘጋም። ቢያናድድሽም ማታ መነጽርሽን አድርገሽ እንደምታነቢው አውቃለሁ።

እህቴ ፎቶ አንስታ የላከችልኝን፣ ለመንገዱ ክፈይ የሚለውን የከተማውን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብሁት። ቅጣት አይደለም። ሰኔ ላይ አስፋልቱን ቆፍረው፣ የመንገዱን ጠርዝ እንደ አዲስ የሠሩት ሥራ ሒሳቡ ለሁለት ተከፍሏል። ከፊሉን ከተማው ይችላል፤ ከፊሉ ደግሞ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቤት ላላቸው ሰዎች ተደልድሏል። ድልድሉ ግቢው ወደ መንገዱ ባለው ስፋት ነው። ያንቺ 76 ጫማ ነው፤ በጫማ 90 ዶላር፣ 6,840 ዶላር መጣ። ማዕዘኑ ላይ ያሉት ሽማግሌ በሁለት በኩል ስለተለካባቸው ካንቺ ይልቅ የሚጮኹት እሳቸው ናቸው አሉ፤ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እጮህ ነበር።

«መኪና የለኝ፣ በሰው ጎማ ለፈረሰ መንገድ ለምን እከፍላለሁ?» ብለሻታል ለእህቴ። ጥያቄሽ ትክክል ነው፤ የሚኒሶታ ሕግ ግን የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ማን ነዳበት አይልም፤ ቤቱ በመንገዱ ምክንያት በስንት ዋጋ ጨመረ ነው የሚለው። ከተማው ከዚያ ጭማሪ በላይ ሊያስከፍል አይችልም። ቤተ ክርስቲያን ያገኘሻት ወዳጅሽ «አብያተ ክርስቲያናት ተከራክረው ረትተዋል፤ አትክፈይ» ያለችሽም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። እውነት ነው፣ 2016 ላይ በሴንት ፖል አንድ ክርክር እስከ ሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ነገሩ ግን ከተማው በየዓመቱ ለመንገድ እንክብካቤ ይሰበስበው ስለነበረ ክፍያ ነው። ፍርድ ቤቱ ይህ የአገልግሎት ዋጋ ሳይሆን ግብር ነው፤ ስለዚህ ንብረቱ ካገኘው ጥቅም መብለጥ የለበትም አለ። ማንም አይክፈል አላለም። ወዳጅሽ የሰማችው ግማሹን ነው።

ዋጋው በዝቷል ብለን እንከራከር ይሆን ብዬም አስቤ ነበር። ለዚያ የቤት ዋጋ ገማች መቅጠር ያስፈልጋል፤ እሱም በነጻ አይሠራም። ደግሞ በእውነት እንነጋገር ከተባለ ያ መንገድ በየጸደዩ በረዶው ሲቀልጥ የሚቆፋፈር፣ ጥገና በጥገና ላይ የተለጠፈበት፣ አንቺም አንድ ቀን ወድቀሽ ክንድሽን ያሰርሽበት ነበር። እንዲያም ሆኖ የቅሬታውን ወረቀት ፈርመሽ ከከተማው ምክር ቤት ስብሰባ በፊት፣ ቢዘገይ እዚያው ስብሰባው ላይ እንድትሰጪ እፈልጋለሁ። በጽሑፍ ያልተቃወመ ሰው ኋላ ሐሳቡን ቢለውጥ ፍርድ ቤት መሄድ አይችልምና።

አሁን ወደ ጠላሽው ነገር ልምጣ። ምክር ቤቱ ድልድሉን ካጸደቀ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ የከፈለ ወለድ የለበትም። ያልቻለ በ10 ዓመት ከንብረት ግብሩ ጋር ይከፍላል፤ ደብዳቤው ላይ ያለው ወለድ 5 በመቶ ስለሆነ የመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። ሦስተኛ መንገድም አለ። የክፍለ ግዛቱ ሕግ ዕድሜው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ በገዛ ቤቱ ለሚኖርና መክፈል ለሚከብደው ሰው ክፍያውን ማቆየት ለከተሞች ይፈቅዳል። ከተማሽ ይህን እንደሚሠራበት ደውዬ ጠይቄአለሁ፤ በጡረታሽ ትገቢበታለሽ። ዕዳው ቤቱ ላይ ተመዝግቦ ይቆያል፤ የሚጠየቀው ቤቱ ሲሸጥ፣ አንቺ መኖሪያነቱን ስትተዪ ወይም እግዚአብሔር ሲጠራሽ ነው። ወለዱ እየታሰበ ይሄዳል፤ አልደብቅሽም።

«ለልጄ ዕዳ አላወርስም» ማለትሽን ሰምቻለሁ። ይህ ዕዳ የቤቱ ነው፤ ቤቱ የተሸጠ ቀን ከዋጋው ላይ ይነሣል እንጂ እኔንም እህቴንም ደጃችን ድረስ የሚፈልገን የለም። እኛ ደግሞ ተነጋግረናል፣ ቅር አይለንም።

አያቴን እማሆይን ታነሺብኛለሽ። አዲስ አበባ፣ 2003 ዓ.ም.፣ የሰፈሩ ኮብልስቶን። የኮሚቴው ሽማግሌዎች መዝገባቸውን ይዘው መጥተው «እርስዎ አቅም የለዎትም፣ እንለፍዎት» ሲሏቸው «ደጄን ሌላ ሰው አያነጥፍልኝም» ማለታቸውን፣ ደረሰኙንም ዳዊታቸው ውስጥ አጥፈው ማስቀመጣቸውን ስንት ጊዜ ነገርሽን። ሁልጊዜ የምትዘይው ግን አንድ ነገር አለ። ያን መዋጮ የላክሽው አንቺ ነበርሽ። የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት በቀን ሁለት ፈረቃ ትሠሪ ነበር፤ እግርሽን በሙቅ ውኃ ስትነክሪ እኔ የቤት ሥራዬን ከጎንሽ ሆኜ እሠራ ነበር። ኩራቱ የእሳቸው፣ ድካሙ ያንቺ ነበር። እማሆይ የልጃቸውን ገንዘብ ተቀብለው ኮሩ፤ አላፈሩበትም። አንቺ የእናትሽን ደጅ ካነጠፍሽ እኔ የእናቴን ደጅ እንዳላነጥፍ የከለከለኝ ማን ነው?

ስለዚህ ምርጫሽ ሁለት ነው፤ ወይ ይቆይልኝ ብለሽ ትፈርሚያለሽ፣ ወይ እኔና እህቴ በየዓመቱ እንከፍላለን። ዕቁብሽን አስቀድመሽ ወስደሽ ለመክፈል መለመንሽን ዳኛው ነግረውኛል፤ አትቆጫቸው፣ እኔ ነኝ የጠየቅኋቸው። ያ ገንዘብ ለእማሆይ ሙት ዓመት ጥር ላይ የምትሄጂበት ነው። አስፋልት ላይ አይፈስም።

ፖስታው ውስጥ ሁለት ቅጽ አለ። ሁለቱንም ሞልቼአለሁ፤ ቢጫ ወረቀት የለጠፍሁበት ላይ ብቻ ፈርሚ። እህቴ ማክሰኞ ከሥራ ስትወጣ መጥታ ወደ ከተማው ጸሐፊ ቢሮ ትወስድሻለች። ማዕዘኑ ላይ ያሉት ሽማግሌ መሄድ ከፈለጉ መኪናዋ ውስጥ ቦታ አለ፤ ጠይቂያቸው።

ሐሙስ ማታ እደውላለሁ። ወጡን ቀደም ብለሽ አውጪው።

ልጅሽ
ከዴንቨር