ሐምሌ ላይ ድሬዳዋ ጃኬት የሚገዛ ማነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

የአየር ጠባይና ኳስ የሸማቹን ኪስ እንዴት እንደሚያዙ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ርዕሱ ጥሩ ነው። ያንገበገበኝ አንድ ነገር ነው። ክረምት ሲገባ በአገራችን የቀዝቃዛ መጠጥ ሽያጭ ይወርዳል፣ ጃንጥላና ጃኬት ይፈለጋል ብላችኋል። የትኛው አገራችን?

እኔ ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ሱቅ አለኝ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዲስ አበባ እጥፍ ያህል ከፍ ትላለች። ሰኔ ላይ እናንተ ጋቢ ስትደርቡ እኛ ሽርጥ አሸርጠን ፍራሽ ወደ ግቢ እናወጣለን። ሌላው ቀርቶ 55 ኪሎ ሜትር የማትርቀው ሐረር የሚሸጠው ብርድ ልብስ እኔ ጋ አቧራ ይጠጣል።

ባለፈው ሰኔ አከፋፋዬን 50 ሳጥን ውሃና ለስላሳ ጠየቅኩት። 20 ብቻ አራገፈ። ምነው ስለው፣ «ክረምት ገባ እኮ፣ ፍላጎት ይቀንሳል፤ ኮታው ከላይ ነው የመጣው» አለኝ። ይህን ሲለኝ ላቤ እየተንጠባጠበ የምፈርመውን ደረሰኝ ያረጥበው ነበር። በማግስቱ ቀትር ላይ ፍሪጁ ባዶ ሆነ። «አቦ፣ ውሃ የለም?» የለም። ደንበኛዬ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። ውሃ ፍለጋ የሄደ ሰው ደግሞ ሳሙናውንም ዳቦውንም እዚያው ገዝቶ ይገባል። የዚያን ወር ኪራይ የከፈልኩት ከልጆቼ ጉሮሮ ነጥቄ ነው። እናንተ «በአገራችን» ብላችሁ የምትጽፉት ነገር እኔ ጋ ሲደርስ ኮታ ሆኖ ነው።

ዝናቡም እንደጻፋችሁት አይደለም። እዚህ ዝናብ ማለት የጃንጥላ ገበያ አይደለም። ከላይ በደንገጎ ተራራ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር፣ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ሊሞላ ይችላል። በ1998 ክረምት ጎርፉ ስንቱን ሰው ከነቤቱ እንደወሰደ ድሬ አልረሳችም። ከዚያ ወዲህ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ስኳርም ዱቄትም አስቀምጬ አላውቅም።

ወደ ኳሱ ልምጣ። ትልቅ ጨዋታ ባለ ቀን ሽያጭ ይጨምራል ብላችኋል። እውነት ነው፤ ግን ስንት ሰዓት ላይ? በየትኛው ወር? የ2010ሩ የሩሲያ ዓለም ዋንጫ ሰኔና ሐምሌ ላይ ነበር። የ2015ቱ የኳታር፣ የራሷን የበጋ ሙቀት ለመሸሽ ወደ ኅዳርና ታኅሣሥ ተገፋ። የሞስኮም የዶሃም ሰዓት ከእኛ ጋር እኩል ነው። እኔ ጋ ልዩነቱን ያመጣው እንግዲህ አየሩ ነው። በሩሲያው ጊዜ የዘጠኝ ሰዓቱን ጨዋታ ብሎ ከቤቱ የሚወጣ ብርቅ ነበር፤ በዚያ ሙቀት ድሬ ሱቋን ዘግታ ጋደም የምትልበት ሰዓት ነው። ገበያው የሚነቃው ፀሐይ ከገባች በኋላ፣ ለማታው ጨዋታ ነበር። የኳታሩ ፍጻሜ ግን ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀመረ። ታኅሣሥ ነው፤ ነፋሻ ነው። ሰው ወንበሩን አስፋልት ዳር አወጣ። አርጀንቲናና ፈረንሳይ 3 ለ 3 ተለያይተው ለመለያ ምት ሲሰለፉ ሱቄ ውስጥ አንድ ፍሬ ኦቾሎኒ አልቀረም።

ይህን ለማወቅ ዘጋቢያችሁ አንድ የድሬ ባለሱቅ ቢጠይቅ ይበቃው ነበር። ያነጋገራቸው ነጋዴዎች በሙሉ የመርካቶና የቦሌ ናቸው። እስቲ ሐምሌ ላይ በቀትር ያንን ጃኬት ለብሶ ከቀፊራ እስከ ከዚራ በእግሩ ይሂድ። ከዚያ ይጻፍ።

እርማት እጠይቃለሁ። «በአገራችን» የሚለውን አውጡና «በአዲስ አበባ» ብላችሁ ተኩ። ከሰኔ በፊት አድርጉት፤ አከፋፋዩ ኮታውን የሚቆርጠው ያኔ ነው።

ባለሱቁ፣ ከመጋላ፣ ድሬዳዋ