አባዬ፣ የጆሮ መከለያውን አያውልቁ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

አባዬ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤውን ከሳጥኑ ላይ የለጠፍኩት ሳጥኑን ሳይከፍቱ እንዲያነቡት ብዬ ነው። ውስጡ ያለው ጽሑፍ እየተንሸራተተ የሚያልፍበት የመብራት ሰሌዳ ነው። ለወርክሾፕዎ በእጄ ሠራሁት።

ባለፈው ስመጣ በመስኮት አየሁዎት። መጋዙ ይዞራል፣ የጆሮ መከለያው ግን አንገትዎ ላይ ወርዷል። ስጠይቅዎ «እሱን ካደረግሁ ስልክ አልሰማም፣ እናትሽ ብትጣራም አልሰማ» አሉኝ። በማግስቱ እኔን ደስ ይበላት ብለው አደረጉት። እማዬ ደጋግማ ተጣርታ ስታጣዎት ገብታ ከኋላ ትከሻዎን ነካ አደረገችዎ። ጣውላ እየገፉ ነበር። ክው አሉ። እጅዎ ከመጋዙ ጥርስ አንድ ስንዝር አይርቅም። ምንም አልሆኑም፣ ተመስገን። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

የሥራ ጤና ባለሙያዎች በ85 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ አትቆዩ ይላሉ። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ነው የሚቀረው። የመጋዝ ማሽን ደግሞ እዚያው አካባቢ ነው የሚጮኸው። የውስጥ ጆሮ ስስ ፀጉሮች አንዴ ከሞቱ አይበቅሉም። ስለዚህ መከለያውን ሳያወልቁ፣ ማንም ትከሻዎን ሳይነካ፣ ቤት ውስጥ የሚፈልግዎት ሰው የሚያገኝበት መንገድ ያስፈልግ ነበር። ጆሮ ከተዘጋ የቀረው ዓይን ነው።

ሰሌዳው ጎን ለጎን የተደረደሩ 8 ትንንሽ ካሬዎች ነው። አንዱ ካሬ 8 በ8፣ ማለትም 64 ቀይ የኤልኢዲ ነጥብ አለው። በጠቅላላው 512 ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ1928 ኒው ዮርክ ታይምስ ስኩዌር ላይ ዜና ያስነበበው ሰሌዳ 14,800 አምፖል ነበረው። የእኛ መልእክት አጭር ስለሆነ 512 ይበቃናል። እያንዳንዱን ካሬ ማክስ 7219 የሚባል ቺፕ ይነዳዋል። የሚገርምዎት፣ ነጥቦቹ ሁሉም ባንዴ አይበሩም። ቺፑ አንዱን መስመር አብርቶ ያጠፋና ወደሚቀጥለው ያልፋል። እንዲህ እያለ 8ቱን መስመር በሰከንድ 800 ጊዜ ያህል ይዞራል። የመጋዙ ጥርሶች ሲሽከረከሩ አንድ ክብ እንደሚመስሉት፣ ዓይናችን ሁሉም እንደበራ ነው የሚያየው።

የተቸገርኩት ፊደሉ ላይ ነው። ያገኘሁት ዝግጁ ፕሮግራም የላቲን ፊደል ብቻ ነው የሚያውቀው። አማርኛውን በላቲን ጽፌ ልገላገል እችል ነበር። ግን አባቴ የገዛ ቋንቋውን እየፈታ እንዲያነብ አልፈለግሁም። ባለ ካሬ ደብተር ይዤ ፊደሉን አንድ በአንድ በእርሳስ ሣልኩት። 33ቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው 7 መልክ አላቸውና 231 ናቸው። አንዱ 8 ባይት (የኮምፒውተር ማስታወሻ መስፈሪያ ነው) ሲይዝ፣ ሁሉም አንድ ላይ 1,848 ባይት ይሆናሉ። ሥራውን የሚያዘው አርዱይኖ የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ደግሞ እየሠራ የሚጠቀምበት ማስታወሻ 2,048 ባይት ብቻ ነው። ፊደሉ ብቻውን ሊሞላው ደረሰ። ስለዚህ ፕሮግራሙ ወደሚቀመጥበት ሰፊ ቦታ ወሰድኩት። እርስዎ መሣሪያውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ጠረጴዛው ላይ የሚፈልጉትን ብቻ እንደሚያወርዱት ማለት ነው።

አንዷ ቃል ብቻዋን ሦስት ምሽት ወሰደችብኝ፤ «ሲጨርሱ»። እዩልኝ፣ «ሲ» እና «ሱ» የሚለያዩት በቀኝ በኩል በምትወጣው ጭረት ነው። በ«ሱ» ወገቡ ላይ፣ በ«ሲ» እግሩ ላይ። በወረቀት ላይ ልዩነቱ ግልጽ ነው። በ8 ነጥብ ቁመት ግን ጭረቷ ትንሽ ከፍ ካለች ንባቡ ይለወጣል። «ጨ» ባሰ። ከ«ጠ» የሚለየው እግሩ ላይ ነው፤ ሦስት እግር 8 ነጥብ ውስጥ ከገባ በኋላ ለሌላ ነገር ቦታ አይተርፍም። መሀሉን እግር አሳጠርኩት። ያኔ ነው የጎኖቹ እግሮች የተነበቡት። ደብተሩን ከክፍሉ ጥግ ላይ አቁሜ ከሩቅ እያየሁ ነው የወሰንኩት። እርስዎ ቆመው የሚያነቡት ከሩቅ ነዋ።

ሠርቼ እንደጨረስኩ አጠገቡ መሰርሰሪያ አስነሣሁ። ጽሑፉ ተበታተነ። አንዱ ካሬ 64 ነጥቡን ቦግ አድርጎ ቀረ። ሁለት ቀን ፕሮግራሙ ውስጥ ስህተት ፈለግሁ። ስህተቱ እዚያ አልነበረም። ሞተር ሲነሣ የኤሌክትሪክ መስመሩን ያናውጠዋል፣ ቺፑም ያልተባለውን እንደተባለ ይቆጥራል። ከካሬዎቹ አጠገብ የኤሌክትሪኩን መናወጥ የሚያረግቡ ካፓሲተሮች በየድኩ፣ ከአርዱይኖው የሚመጡትን ሽቦዎች አሳጠርኩ፣ ለሰሌዳው የራሱን የ5 ቮልት ኃይል ሰጠሁት። አርዱይኖው ደግሞ ለቺፖቹ ትእዛዙን ቶሎ ቶሎ እንዲደግምላቸው አደረግሁ። አንዱ ቢስት እንኳ ወዲያው ይመለሳል። ከዚያ ወዲህ መሰርሰሪያውን ስንቴ እንዳስነሣሁ አይጠይቁኝ። ንቅንቅ አላለም።

አሁን ዋናው ነገር፣ የት ይሰቀል? እባክዎ ከመጋዙ ፊት ለፊት አይስቀሉት። ጣውላ እየገፉ ዓይንዎ ወደሱ እንዲሄድ አልፈልግም። በግራ በኩል ከመደርደሪያው በላይ ያድርጉት። ቆርጠው ሲጨርሱ ቀና ብለው የሚያዩት ወደዚያ ነው፤ ቆሜ ሳይዎት ልብ ብያለሁ። መጀመሪያ ብልጭ ድርግም እያለ እንዲጠራዎት አስቤ ነበር። ተውኩት። ብልጭታ ያስደነግጣል፣ እኔ የሸሸሁትም እሱን ነው። ጽሑፉ ቀስ ብሎ ነው የሚደምቀው፤ አንድ ፊደል ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመሄድ 4 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። እርስዎ እስኪያዩት ድረስ ደግሞ እየዞረ ይቆያል።

ሳሎን ውስጥ ለእማዬ አራት ቁልፍ አለ። «ስልክ»፣ «ሰው መጥቷል»፣ «ሲጨርሱ ይምጡ»፣ አራተኛው «ማሽኑን ያጥፉና ይውጡ»። አራተኛውን ለከባድ ነገር ብቻ ተጠቀሚ ብያታለሁ። ከሰሌዳው ሥር ያለው ትልቁ ቁልፍ የእርስዎ ነው። ሲጫኑት ጽሑፉ ይጠፋል፣ ሳሎን ደግሞ አረንጓዴ መብራት ይበራል። ያኔ እማዬ እንዳዩት ታውቃለች፤ አትመጣብዎትም።

ፊቱ ላይ ያለውን ቀይ ፕላስቲክ አይንቀሉት። የመጋዝ ብናኝ ይከላከላል፣ ያልበሩት ነጥቦችም እንዲጠቁሩ ያደርጋል፣ ጽሑፉ ጎልቶ ይወጣል። ብናኝ ሲይዘው በደረቅ ጨርቅ ጠረግ ያድርጉት። ሳጥኑን እርስዎ ባሳዩኝ የጥርስ ማያያዣ ነው የገጠምኩት፤ ምስማር የለበትም። የቀኙን የታችኛ ማዕዘን በጣትዎ ዳስሰው እንዴት እንደሆነ ይንገሩኝ።

ገመዱን ሲሰኩ መጀመሪያ የሚያልፈው ጽሑፍ ከአራቱ አንዱ አይደለም። እማዬ በስልክ ያጻፈችኝ ነው፣ አንዴ ብቻ ያልፋል። ምን እንደሚል አልነግርዎትም። መከለያውን ጆሮዎ ላይ አድርገው ያንብቡት።

ልጅዎ